የትከሻ ዳቦ

«ግማሹን! ግማሹን እኮ ነው የበላኸው!» አለ ባሌ ኒካኖር፣ ዳቦውን ከነጨርቁ አንሥቶ በወንድሙ ፊት እያወዛወዘ። «ቁራሽ ቢሆን እሺ፣ አይጥ ነካው ብለን እናልፈው ነበር። ግማሽ ዳቦ የምትበላ አይጥ የት አገር አለች?»

«ርቦኝ ነበር» አለ ቶሪቢዮ።

«ርቦኝ ነበር ይላል! ድስት ሙሉ ሾርባ እዚያ ተቀምጦልህ! ዳቦ አይተህ አታውቅም?»

«ይህን ዳቦ ነው? ከቀመስሁት አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።»

ኒካኖር ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው። እኔ ከገበያ ያመጣሁትን የድንች ዘንቢል እንደታቀፍሁ የኩሽናው በር ላይ ቆሜ ነበር። ውጭ ዝናቡ የግቢውን ድንጋይ ይደበድባል። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ አንደኛው እንድፈርድለት፣ ሌላኛው ግን ለምን እንደዞረ አላወቅሁም።

እንዲያው ዳቦ ቢሆን ኖሮ ሁለት ጎልማሶች አይጣሉበትም ነበር። በዳቦዋ ከታወቀችው ከኦሮፔሳ ከተማ የመጣ፣ እንደ ሰፌድ የሰፋ፣ ፊቱ በስኳር ያበራ የበዓል ዳቦ ነው። በየዓመቱ የሥጋወደሙ በዓል ከመድረሱ ሦስት ወር ቀድሞ የድግሱን ኃላፊነት የሚወስደው የዓመቱ ተረኛ እንዲህ ያለውን ዳቦ በየቤቱ ይልካል፤ አንዱን ለሙዚቃው፣ አንዱን ለርችቱ፣ አንዱን ለአበባው። የተቀበለው ሰው አስቦበት ሊመልሰው ይችላል። የቀመሰው ግን አለቀለት፤ ቃል ሰጥቷል ማለት ነው፤ ያውም ለተረኛው ሳይሆን ለቅዱሱ። ወደ እኛ ቤት የሚመጣው ዳቦ ትከሻ የሚጠይቅ ዳቦ ነው፤ ከአማቴ ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

የከተማችን የኩስኮ አጥቢያዎች የአሥራ አምስት ቅዱሳንን ሐውልት ተሸክመው ወደ ካቴድራሉ ይወርዳሉ። ከሁሉም ከባዱ የእኛ ነው፤ ቅዱስ ክሪስቶፎሮስ፣ ሕፃኑን በትከሻው ይዞ ወንዝ ሲሻገር የተቀረጸው። «ሌሎቹ የሚሸከሙት ቅዱስ ነው፣ እኛ የምንሸከመው ተሸካሚ ነው» ይል ነበር አማቴ። ደብራችን ደግሞ ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው ላይ ነው። ሲወርድ ቁልቁል፣ ሲመለስ ሽቅብ።

ኒካኖር ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተሸክሟል፤ ዘንድሮ ሠላሳኛው ሊሆን ነበር። ሠላሳ ጊዜ ከቅዱሱ ሥር ሆኖ የቤተ ክርስቲያኑን ደፍ የገባ ሰው ስሙ በተሸካሚዎቹ ማኅበር ሰሌዳ ላይ፣ በቀለም፣ ከአባቶቹ ስም ጎን ይጻፋል። ቶሪቢዮም ይሸከም ነበር፤ ከኒካኖር በአራት ዓመት ይበልጠዋል፣ በትከሻም ይበልጠው ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ግን፣ ቅዱሱ ወደ ደብሩ ሲመለስ፣ አቀበቱ መታጠፊያ ላይ፣ ቅዱሱ ከቆመበት ከወሳንሳው የኋላ ግራ መሎጊያ ሥር ሳይናገር ወጣ። ዝም ብሎ ወጣ። ወሳንሳው ወደዚያ ጎን ሰጠመ፣ ቅዱሱ አጋደለ፣ ሴቱ ሁሉ ጮኸ። ከቶሪቢዮ ፊት የነበረው ኒካኖር ነበር፤ ክብደቱን ለመያዝ ተንበረከከና ጉልበቱ ከድንጋዩ ጋር ተላተመ። ቅዱሱ አልወደቀም። ከዚያ ቀን ወዲህ ለቶሪቢዮ ዳቦ ተልኮ አያውቅም። ስሙም ቀረና፣ ክብደት የሌለው ለማለት፣ «ላባው» ተባለ።

«ሰምተሃል፣ ነገ በጧት ወደ ኦሮፔሳ እሄዳለሁ» አለ ኒካኖር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንደዚሁ ያለ ዳቦ ገዝቼ እመጣለሁ። እኔ እቀምሰዋለሁ። ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለ ቶሪቢዮ።

«አንተማ ብዙ ታውቃለህ!»

«እሱም ያውቃል» አለና በአገጩ ወደ ኮረብታው አመለከተ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ወደ ተረኛው ወደ ዶን ኢላሪዮ ወረድን። ዶን ኢላሪዮ የድንች ነጋዴ ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ በጆንያ መሀል ተቀምጦ ከተሸካሚዎቹ አለቃ ከኤፍራይን ጋር የበቆሎ ጠላ ይጠጣ ነበር። ኤፍራይን ገና ሲያየን ሣቀ።

«ላባው! ነፋሱ ነው እዚህ ድረስ ያመጣህ?»

«በእግሬ ነው የመጣሁት፤ አንተን ግን ሆድህ እየተንከባለለ ያመጣህ ይመስላል» አለ ቶሪቢዮ።

ኒካኖር ነገሩን ቸኩሎ ተናገረ። ዳቦው የመጣው እሱ ጣሪያ ሊጠግን በወጣበት ሰዓት እንደሆነ፣ እኔ ተቀብዬ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጥሁት፣ ወንድሙ ከሥራ ርቦት እንደገባ። «ሳያውቅ ነው፣ ዶን ኢላሪዮ። የሰውን የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግን ውሎ ዐይኑ ፈዝዞ ነው የሚመጣው። ምን እንደበላም አላስተዋለም። አዲስ ዳቦ እኔ አመጣለሁ።»

ዶን ኢላሪዮ ጽዋውን አስቀምጦ ቶሪቢዮን ተመለከተው። ክፉ ሰው አይደለም። ቀላሉን መንገድ ከፍቶ እየሰጠው እንደነበር ሁላችንም ገብቶናል።

«ሳታውቅ ነው፣ ቶሪቢዮ?»

ቶሪቢዮ ባርኔጣውን በእጁ አንድ ጊዜ አዞረው።

«ዐውቄ ነው» አለ።

ኒካኖር እንደተመታ ሰው ወደ ወንድሙ ዞረ። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ፣ ያን ሁሉ ሲጮህ፣ በእውነት ስሕተት መስሎት ነበር። እኔ ባሌን አውቀዋለሁ፤ ሲጮህ አይከፋም፣ የሚከፋው ዝም ሲል ነው። ዝም አለ።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለ ዶን ኢላሪዮ ራሱን ለኤፍራይን እየነቀነቀ። «ዳቦ ዳቦ ነው። እኔ ልተወው ብል ቅዱሱ ይተወዋል?»

«ሌሎቹ ምን ይሉኛል?» አለ ኤፍራይን፤ አሁን አይስቅም። «ከዚህ ሰው አጠገብ ትከሻውን የሚያገባ ከየት አመጣለሁ?»

«ዳቦ የበላ ሁሉ ይገባል። የማይገባ ካለ የኔን ዳቦ ይመልስ።»

ኤፍራይን ቶሪቢዮን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ገና ሰፊ ነው፣ እግሩ ግን ቀጥኗል። «ደግ። የኋላ ግራ ጫፍ ትገባለህ። የተውከው ቦታ። ሲወርድ ሕፃን ልጅም ይይዘዋል። ሽቅቡን እናያለን።»

«እኔስ?» አለ ኒካኖር።

«በአንድ ዳቦ ሁለት ትከሻ አይገባም፣ ሌላው ቦታ ደግሞ ሞልቷል፤ ይህን አንተ ለልጆቹ ታስተምራለህ። ዘንድሮ ባላ ትይዛለህ።»

ባላው ተሸካሚዎቹ ሲያርፉ መሎጊያውን የሚደግፉበት እንጨት ነው። የሚይዙት ያረጁ ሰዎች ናቸው። ኒካኖር ወጣ፤ ዝናቡ ውስጥ ባዶ ራሱን፣ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ወንድሙን አላናገረውም። ቤታችን አንድ ግቢ ነው፤ እነሱ በግራና በቀኝ፣ ኩሽናው በመሀል። ሦስታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበላን «ለዚያ ሰውዬ ጨው አቀብይው» ይለኛል። ቶሪቢዮም በበኩሉ «ጨው አይጠላም፣ ከጌታው እጅ ቢሆን ግን ይጣፍጥ ነበር በዪው» ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት አሣቀኝ። በኋላ ግን ከሁለት ሰዎች መካከል ሆኖ ጨው ማቀበል ይከብዳል።

ይከብድ የነበረው ለሌላም ምክንያት ነው። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለው ዳቦ ባለቤቱ እስኪመጣ ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ እናቴ ያስተማረችኝ፣ ሃያ ዘጠኝ ጊዜም ያደረግሁት እንደዚያ ነው። ያን ቀን ግን ጨርቅ ጣል አድርጌበት ወደ ገበያ ሄድሁ። ችኩል ስለነበርሁ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ነገር ግን በዚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ ኩሽና የሚገባው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። የኒካኖርንም ጉልበት አውቃለሁ። ካለፈው በዓል በኋላ ሁለት ሳምንት ከአልጋ ሲወርድ ግድግዳ ይይዝ ነበር፤ ጣሪያ ላይ ሲወጣ መሰላሉን የምይዝለት እኔ ነኝ፣ ከላይ ሲንቀጠቀጥ እጄ ላይ ይሰማኛል። «ዘንድሮስ ይቅርብህ» ብለው አይሰማም። ሰሌዳው ላይ የአባቱ ስም አለ፤ ከሥሩ ባዶ ቦታ አለ።

እንግዲህ ረስቼ ነው ወይስ ሆን ብዬ? ብዙ ጊዜ ጠይቄ መልሱን አላገኘሁትም። እጄ ከእኔ ቀድሞ አስቦ ይሆናል።

ቅዱሱ ሊወርድ አንድ ቀን ሲቀረው የበዓሉን ምግብ ሳዘጋጅ ቶሪቢዮ ሊያግዘኝ መጣ። በኩሽናችን ለምግብ ከምናረባቸው፣ ኩይ ከሚባሉት ትንንሽ ጠጉራም እንስሳት ስምንቱን አርጄ ነበር፤ እሱ በፈላ ውኃ እየነከረ ጠጉራቸውን ይመልጣል፣ እኔ የባሕር ሣሩንና የዓሣ ዕንቁላሉን አጥባለሁ። ከግቢው ማዶ ኒካኖር ባላውን በብርጭቆ ስባሪ እየፋቀ ያለሰልሳል። ድምፁ ይሰማናል፤ እሱ ግን የእኛን አይሰማም።

«ፈራህ?» አልኩት።

«ፈራሁ እንጂ።»

«ያን ጊዜ ሰክረህ ነበር ይላሉ።»

«ሰክሬ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ይቅር ይሉኝ ነበር» አለ ቶሪቢዮ። «ስንቱ ሰክሮ ስንት አድርጓል። አንድ ጊዜ ኤፍራይን ራሱ ሰክሮ ቅዱሱን በፊት ለፊት ‹ትንሽ ቀጥን እንጂ፣ አንተ ሰው!› ብሎ አልተቆጣውም? ሣቅንና አለፈ። እኔ አልሰከርሁም። አልታመምሁም። ደከመኝ። ሠላሳ ሁለት ሰው ነን፤ አንድ ትከሻ ቢጎድል ማን ያውቃል አልሁ። ይኸው ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት ሌላ ምክንያት ስፈልግለት ኖርሁ፤ የለውም።»

ኩዩን አገላብጦ አየውና ሌላውን አነሣ።

«የሚገርመው» አለ ቀጥሎ፣ «ይመስለኛል ሁሉም ያን ያስባል። እዚያ ሥር የገባ ሁሉ ‹እኔ ብወጣ ማን ያውቃል› ይላል። ብለው ብለው አይወጡም እንጂ።»

ያን ጊዜ ነው የነገርሁት። «ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ማን ሊያስቀምጠው ነው?»

«እንደዚያ አይደለም። አንተ መጀመሪያ እንደምትገባ አውቅ ነበር።»

እጁ ውኃው ውስጥ ቆመ። ውኃው ያቃጥል ነበር፤ እሱ ግን አላወጣውም። ከማዶ የብርጭቆው ፍቅፍቅታ ይሰማል።

«ጉልበቱ ነው?» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ጉልበቱን ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ» አለ። ከዚያም እጁን ከውኃው አውጥቶ፣ «አትንገሪው። በኔ ይቆጣ፤ ለምዶታል። በአንቺ መቆጣት ከጀመረማ ጨው ማን ያቀብለናል?»

ረቡዕ ቅዱሱ ወረደ። ታክሲ ነጂዎቹ ጡሩምባ እየነፉ ከኋላ ተከተሉት፤ ጠባቂያቸው ነውና። ሐሙስ አደባባዩን ዞረ። ቶሪቢዮ በቦታው ነበር፣ ምንም አልሆነም፤ ማንም ይሆናል ብሎ አልጠበቀም። ከአጠገቡ የገባው ሰው ግን ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ነው የተሸከመው፤ እረፍት ላይ ጽዋው ሲዞርም ቶሪቢዮን ዘሎት አለፈ። ከዚያ ስምንት ቀን ቅዱሳኑ ሁሉ ካቴድራሉ ውስጥ አብረው ሰነበቱ። ሰው በሌለበት ያወራሉ፣ ስለየአጥቢያቸው ይተማማሉ ይባላል። «ስለኛ ቤት የሚነገረው ለሁለት ቀን አይበቃም» አለ ቶሪቢዮ። ኒካኖር ሰምቶ ሊስቅ ሲል አየሁት፤ ሳል አስመስሎ አበላሸው።

የመመለሻው ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ የሚያንዘፈዝፍ ብርድ ነበር። እኔ የጠላውን እንስራ ተሸክሜ ከሴቶቹ ጋር ከወሳንሳው ኋላ ሆንሁ። አቀበቱ ሲጀመር ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ፊት ያሉት ይመራሉ፣ ኋላ ያሉት ይሸከማሉ። ኤፍራይን ኒካኖርን ባላ አስይዞ ያቆመው በኋላ ግራ በኩል ነበር። ለምን እዚያ እንዳደረገው አላውቅም፤ ከክፋት ይሁን ከብልሃት።

መታጠፊያው ላይ ሰው እንደ ንብ ሰፍሯል። ከግንቡ ላይ የተቀመጡ አሉ፣ ስልካቸውን ወደ ላይ የዘረጉ አሉ። ቅዱሱን ለማየት አይደለም። «ላባው የታለ? ያ ነው? ያ ቀጭኑ?» ሲባባሉ እሰማለሁ። አንዲት ሴት «ልጅሽን ከዚያ ጎን አንሺው» ብላ ጎረቤቷን ስትጎትት አየሁ።

ኤፍራይን በምልክት መስጫው መዶሻ የወሳንሳውን ጠርዝ መታ። ተነሡ። መታጠፍ ሲጀምሩ የቶሪቢዮ አንገት ሥሩ እንደ ገመድ ወጣ፤ አፉ ተከፍቶ ድምፅ የለውም። አንድ እርምጃ። ሌላ። ከዚያ የቀኝ እግሩ ድንጋዩ ላይ ተንሸራተተ። ወሳንሳው ሲርገበገብ ሰው ሁሉ «ኧረ!» አለ፤ ኒካኖርም ወደ መሎጊያው ተጠጋ።

ባላውን ያስገባል ብዬ ነበር። ባላ ከገባ ወሳንሳው ይቆማል፣ ቶሪቢዮም ዳግመኛ ቅዱሱን ያስቆመ ሰው ይሆናል። አላስገባውም። ጐንበስ ብሎ የወንድሙን እግር አየ።

«ግራህን» አለው።

ሦስት ወር ሙሉ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

«ግራህን ወደ ግንቡ! ወደ ግንቡ አልሁህ፣ አንተ ግትር! እዚያ ድንጋዩ ሻካራ ነው።»

ቶሪቢዮ ግራ እግሩን ወደ ግንቡ ወሰደ።

«አሁን ቀኝህን። ትንሽ አድርገህ። አትቸኩል፣ ማን ያባርርሃል? አሁን ግራህን።»

እንዲያ እያለ፣ ጐን ለጐን፣ አንዱ ባላውን ታቅፎ ሌላው መሎጊያውን ተሸክሞ፣ መታጠፊያውን ዞሩት። ግንቡ ላይ የነበሩት ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። የወደቀ ነገር ስለሌለ የሚያዩት አልነበረም። ወደ ላይ ስንወጣ ኒካኖር ማነከስ እንደጀመረ አየሁ። ቶሪቢዮም ከመሎጊያው ሥር አንገቱን አጣሞ አየው።

አቀበቱ አልቆ የደብሩ ሜዳ ላይ ስንደርስ የሙዚቃ ጓዱ ዜማውን ለወጠ፤ ደወሉ ጀመረ። ከዚያ እስከ ደፉ መቶ እርምጃ ያህል፣ ለጥ ያለ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ጎረፈ፣ አበባ ከጣሪያ ይወረወራል።

«ግባ» አለው ቶሪቢዮ ወንድሙን።

«ምን?»

«ግባ አልሁህ። ፈጠን በል።»

«ዳቦው ያንተ ነው።»

«የበላሁት ግማሹን ነው። ግማሹ አሁንም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሚስትህ ናት ያስቀመጠችው። ትገባለህ ወይስ እዚሁ ልጩህብህ?»

ኒካኖር ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ምን እንዳየ አላውቅም። ባላውን ወደ እኔ ዘረጋው፤ እንስራውን መሬት አስቀምጬ ያዝሁት። ጐንበስ ብሎ ከወንድሙ አጠገብ ገባ። ለሁለት ለሦስት እርምጃ ሁለቱም ከአንድ መሎጊያ ሥር ነበሩ፤ ትከሻ ለትከሻ፣ እግራቸው አንድ ላይ። ከዚያ ቶሪቢዮ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ጐን ወጣ። ወሳንሳው አልተነቃነቀም። ኤፍራይን ፊቱን ወደ ቅዱሱ አድርጎ የኋሊት እየሄደ «ቀጥ! ቀጥ በሉ!» ይላል፤ ሴቶቹ ሻማቸውን ከነፋሱ እየጋረዱ ይጋፋሉ።

ቶሪቢዮ የትከሻ መደገፊያውን ከላዩ አወለቀ፤ አጣጥፎ ከግንቡ ሥር፣ ከሌሎቹ ልብሶች ጋር አኖረው። ባርኔጣውን ፈልጎ አገኘ። ኒካኖር ከሥሩ ሆኖ፣ የቅዱሱ ራስ በበሩ ጉበን ሥር ሲያልፍ፣ ርችቱ ከጀርባው ሲፈነዳ፣ እሱ በጎን ባለው ጠባብ ደረጃ፣ አንድ እጁን ግድግዳው ላይ እያደረገ፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።